የኤምፖሪያው ጋዜጠኛ፤ የዊልያም አለን ዋይት ታሪክ

አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ነገሩ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ በችኮላ የተናገረ ሰው ሲጸጸት እንጂ ዝም ያለ ሰው ሲጸጸት እምብዛም አይታይም። ነገር ግን ሁሉም ሰው ዝም ያለ እንደ ሆነ ለተበደለው ማን ይናገርለታል? የሚያጠፋውንስ ማን ይገሥጸዋል? በዚህ ጽሑፍ ታሪኩን የምናነበው ሰው በአንዲት ትንሽ ከተማ ተቀምጦ ሃምሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ጋዜጣ ሲያሳትም የኖረ አሜሪካዊ ነው። አንዳንድ ጊዜ ተሳስቶ ተናግሯል፤ ስሕተቱንም ሳያፍር አምኗል። ብዙ ጊዜ ግን መናገር በሚያስፈራበት ሰዓት ተናግሯል። ስሙ ዊልያም አለን ዋይት ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዊልያም አለን ዋይት የካቲት ማለትም በፈረንጆች ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1868 ዓ.ም. በካንሳስ ግዛት በኤምፖሪያ ከተማ ተወለደ። ካንሳስ በአሜሪካ እምብርት የሚገኝ ሜዳማ የእርሻ አገር ነው፤ ስንዴና በቆሎ ይበቅልበታል፤ ከብትም ይረባበታል። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ኤልዶራዶ ወደምትባል ሌላ ትንሽ ከተማ ተዛወሩ። አባቱ ዶክተር አለን ዋይት ሐኪምና ነጋዴ ሲሆን ሆቴልም ነበረው፤ የከተማዋም ከንቲባ ለመሆን በቅቷል። እናቱ ሜሪ አን ሃተን አስተማሪ ነበረች፤ ለልጅዋም ማታ ማታ መጽሐፍ ታነብለት ነበር። አባትና እናት በፖለቲካ አይስማሙም ነበር፤ አባት የዲሞክራት፣ እናት የሪፑብሊካን ወገን ነበሩ። እንግዲህ ዋይት ሁለት ሐሳብ በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጦ አብሮ እራት ሊበላ እንደሚችል ገና በልጅነቱ አይቷል ማለት ነው።

በ1882 ዓ.ም. አባቱ ሞተ፤ ልጁ በዚያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ በኋላ በማተሚያ ቤት እየተላላከና ፊደል እየለቀመ የጋዜጣን ሥራ ከሥሩ ተማረ። ቀጥሎም በኤምፖሪያ ኮሌጅ፣ ከዚያም በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማረ፤ ነገር ግን የጋዜጣ ሥራ ልቡን ስለ ሳበው ሳይመረቅ ወጣ። ጥቂት ዓመታት በኤልዶራዶ፣ ከዚያም በካንሳስ ሲቲ ታላላቅ ጋዜጦች ሠራ። በ1893 ዓ.ም. ሳሊ ሊንድሴይ የምትባለውን አስተማሪ አገባ። እርስዋም ዕድሜዋን ሙሉ ጽሑፎቹን አስቀድማ የምታነብና የምታርምለት የሥራ ባልደረባው ሆነች።

ወጣቱ ዋይት በታላቅ ከተማ ተቀጥሮ መኖር አላረካውም። የራሱ ጋዜጣ እንዲኖረው ፈለገ። ስለዚህ በ1895 ዓ.ም. 3,000 ዶላር ተበድሮ «ኤምፖሪያ ጋዜት» የሚባለውን የተዳከመ ጋዜጣ ገዛ። ራሱ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ እንደሚተርከው፣ ከባቡር ሲወርድ በኪሱ የነበረው አንድ ዶላር ከሃያ አምስት ሳንቲም ብቻ ነበር። ሻንጣውን ተሸክሞ በእግሩ ቢሄድ ቆጣቢ ይባላል፤ በሠረገላ ቢሄድ ግን ገንዘብ ያለው ሰው መስሎ ይታያል። ጥቂት አሰበና የሚያበድረው ሰው እንዳይሸሽ ብሎ ሃያ አምስት ሳንቲም ከፍሎ በሠረገላ ገባ። በመጀመሪያው ርእሰ አንቀጹ ላይም ሹመት ፈልጎ እንዳልመጣ፣ በዚያችው ከተማ ልጆቹን አሳድጎ እስኪያረጅ ለመኖር እንዳሰበ ለአንባቢዎቹ ገለጸ። ይህን ቃሉን እስከ ሞት ጠብቋል። ከትልልቅ ከተሞች ብዙ የሥራ ግብዣ ቢመጣለትም ኤምፖሪያን አልለቀቀም።

የትንሽ ከተማ ጋዜጣ ከታላቅ ከተማ ጋዜጣ የተለየ ነገር አለው። ማን እንዳገባ፣ ማን እንደ ወለደ፣ የማን ሰብል እንዳማረ፣ ማን ከሩቅ አገር ዘመዱን ሊጠይቅ እንደ መጣ ይጻፍበታል። ሰው ሁሉ ስሙን ፈልጎ ያነበዋል። ከዚህም ሌላ የታላቅ ከተማ ጋዜጠኛ የነቀፈውን ሰው ምናልባት በሕይወቱ አያገኘው ይሆናል፤ የትንሽ ከተማ ጋዜጠኛ ግን ማግስቱን ጧት በፖስታ ቤት ደጃፍ ያገኘዋል። ስለዚህ በትንሽ ከተማ እውነት መናገር ከባድ ነው፤ ሐሰት መናገር ደግሞ ከዚያ የባሰ ከባድ ነው።

ዋይትን በአሜሪካ ሁሉ ያስጠራው ነገር የተፈጸመው በ1896 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም የአገራችን አርበኞች በዓድዋ ድል ያደረጉበት ዓመት ነው። በዚያን ዘመን የካንሳስ ገበሬዎች በጣም ተቸግረው ነበር። ድርቅ ነበረ፤ የእህል ዋጋ ወርዶ ነበር፤ የምድር ባቡር ኩባንያዎች የሚጠይቁት የጭነት ዋጋ ከባድ ነበር፤ ብዙ ገበሬም መሬቱን በመያዣ ሰጥቶ ዕዳ ውስጥ ገብቶ ነበር። ስለዚህ ገበሬዎቹ ፖፑሊስት የሚባል ፓርቲ አቁመው መንግሥት እንዲረዳቸው ይጠይቁ ነበር። ዋይት ግን የነጋዴውና የባንኩ ወገን ሆኖ ይነቅፋቸው ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን በነሐሴ ሙቀት ጥሩ ልብስ ለብሶ በመንገድ ሲያልፍ፣ ፖፑሊስቶቹ ከበው ዘበቱበት፤ በዱላም ጎሸም ጎሸም አደረጉት። የ28 ዓመት ጎልማሳ ነበርና ደሙ ፈላ። እየተቆጣ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ገብቶ «ካንሳስ ምን ነካት?» የሚል ርእሰ አንቀጽ ጻፈ፤ ከዚያም ባለቤቱ ወደ ነበረችበት ወደ ኮሎራዶ በባቡር ሄደ።

ጽሑፉ በስድብና በፌዝ የተመላ ነበር። በዚያ ዓመት ማኪንሌይና ብራያን ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደሩ ነበርና፣ የማኪንሌይ የምርጫ ሥራ መሪ የነበረው ማርክ ሃና ጽሑፉን ወድዶ እያሳተመ በአገሩ ሁሉ በተነው። ማኪንሌይም አሸነፈ። ዋይት በአንድ ቀን ቁጣ በጻፈው ነገር ዝነኛ ሆነ።

ነገር ግን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንደሚባለው፣ የተጻፈ ነገር አይመለስም። በማግስቱ ዓመት በ1897 ዓ.ም. ወደ ዋሽንግተን ሄዶ ከቴዎዶር ሩዝቬልት ጋር ተዋወቀ። ሩዝቬልት በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ነው። በዚህ ሰው ወዳጅነትና በራሱም ትዝብት የዋይት አስተሳሰብ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ታላላቅ ኩባንያዎች ሕግ ሊገዛቸው እንደሚገባ፣ የሠራተኛው ደኅንነት ሊጠበቅ እንደሚገባ፣ ሴቶችም ድምፅ ሊሰጡ እንደሚገባ መጻፍ ጀመረ። በ1912 ዓ.ም. ሩዝቬልት አዲስ ፓርቲ ሲያቋቁም አብሮት ቆመ። እነዚያ የዘበተባቸው ገበሬዎች ከጠየቁት ነገር ብዙው ትክክል እንደ ነበረ በኋላ ሳይሸሽግ ተናገረ። ሰው በተመሰገነበት ሥራ ላይ ተሳስቼ ነበር ብሎ ማመን ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ አንድ አሳዛኝ ነገር እንመጣለን። ዋይት ሁለት ልጆች ነበሩት፤ ወንዱ ዊልያም ሊንድሴይ፣ ሴቷ ሜሪ ይባሉ ነበር። ሜሪ የኤምፖሪያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበረች። ፈረስ መጋለብና መኪና መንዳት ትወድ ነበር፤ መኪናዋም ጓደኞቿን ጭና እንጂ ባዶዋን አትሄድም ነበር። በመንገድ የምታገኘውን ሁሉ፣ ሀብታም ቢሆን ድኻ፣ ነጭ ቢሆን ጥቁር፣ እጇን እያወዛወዘች ሰላም ትል ነበር። በድኾች መጠለያ ላሉ ሽማግሌዎች በገና ቀን የምሳ ግብዣ አዘጋጅታለች፤ በትምህርት ቤትዋም ጥቁሮች ልጃገረዶች እንደ ሌሎቹ ማረፊያ ክፍል እንዲያገኙ ትጥር ነበር።

በግንቦት ወር 1921 ዓ.ም. አንድ ቀን ሜሪ የትምህርት ቤቱን ዓመታዊ መጽሔት ሥራ ስትሠራ ውላ፣ ደክማ ወደ ቤት ገባች። ይህን የምታነቡ ጓደኞቼ፣ ልብ በሉ፤ ስትሠራ የዋለችው ልክ አሁን በእጃችሁ እንደ ያዛችሁት ያለ የተማሪዎች መጽሔት ነው። ትንሽ አየር ልቀበል ብላ ፈረስዋን ተቀመጠች። በመንገድ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዋን አይታ እጅዋን ስታነሣ ፈረሱ ዘወር አለ፤ የዛፍ ቅርንጫፍም ራስዋን መታት። ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተች። ዕድሜዋ 16 ዓመት ነበር።

አባቷ ከቀብሩ ተመልሶ በጋዜጣው ላይ ስለ ልጁ ጻፈ። የታላላቅ ጋዜጦች ወሬ ልጅቱ ከፈረስ ወድቃ ሞተች ብሎ ነበርና፣ ሜሪ እንዲህ ያለውን ነገር ብትሰማ ኖሮ ከፈረስማ አልወድቅም ብላ ትስቅ ነበር በማለት ጀመረ። አላለቀሰም፤ አላማረረም። እንዴት እንደምትስቅ፣ ፀጉርዋን እንደ ትልልቅ ሴቶች መሥራት እንዴት እንዳስጠላት፣ ጓደኞቿ እነማን እንደ ነበሩ ብቻ ተረከ። ይህ ጽሑፍ በብዙ ጋዜጦችና በትምህርት ቤት ማንበቢያ መጻሕፍት ታትሞ እስከ ዛሬ ይነበባል። ዋይት በሕይወቱ ከጻፈው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በ1896 ዓ.ም. በቁጣ የጻፈው ዝና ሰጠው፤ በ1921 ዓ.ም. በፍቅር የጻፈው ግን በሰው ልብ ውስጥ አኖረው። ወላጆቿም በስሟ ለከተማዋ ልጆች መጫወቻ የሚሆን መሬት ሰጡ፤ ቦታው «ፒተር ፓን» የሚባለው መናፈሻ ነው።

ይህ ኀዘን ከደረሰ አንድ ዓመት ብቻ እንዳለፈ ሌላ ፈተና መጣ። በ1922 ዓ.ም. በጋ በመላው አሜሪካ የምድር ባቡር ጋራዥ ሠራተኞች አድማ አደረጉ። ኤምፖሪያ የባቡር ከተማ ስለ ነበረች ነገሩ ቤት ለቤት የሚነካ ነበር። ብዙ ነጋዴዎች ሠራተኞቹን መቶ ከመቶ እንደግፋለን የሚል ወረቀት በሱቃቸው መስኮት ላይ ለጠፉ። የካንሳስ አገረ ገዥ ሄንሪ አለን ግን ይህ ለአድማ ማነሣሣት ነውና በሕግ የተከለከለ ነው፤ ወረቀቱ ይነሣ ሲል አዘዘ።

ሄንሪ አለን ለዋይት እንግዳ ሰው አልነበረም። እርሱም ራሱ ጋዜጣ አሳታሚ ነበረ፤ ከዋይት ጋርም የቆየ ወዳጅነት ነበረው። በ1917 ዓ.ም. በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለቀይ መስቀል ሥራ ወደ ፈረንሳይ አገር አብረው ሄደው ነበር፤ ዋይትም ስለዚያ ጉዞ የሚያስቅ መጽሐፍ ጽፏል። አሁን እንግዲህ ሁለቱ ወዳጆች ፊት ለፊት ቆሙ። ዋይት አድማውን በሙሉ አይደግፍም ነበር፤ ነገር ግን ሰው ያሰበውን በሰላም ጽፎ በራሱ መስኮት ላይ እንዳይለጥፍ መከልከል ትክክል አይደለም አለ። ስለዚህ መቶ ከመቶ የሚለውን ወደ ግማሽ ያህል ቀንሶ፣ በጋዜጣው ቤት መስኮት ላይ የራሱን ወረቀት ለጠፈ። የአገረ ገዥው ሹማምንትም እንዲታሰር ትእዛዝ አወጡበት።

በዚያን ጊዜ አንድ የሚያዝንለት ሰው ከሕግ በላይ ነፃነት የለም ሲል መክሮት ኖሮ፣ ዋይት ለእርሱ መልስ አድርጎ ሐምሌ ማለትም በፈረንጆች ጁላይ 27 ቀን 1922 ዓ.ም. «ለተጨነቀ ወዳጅ» የሚል አጭር ርእሰ አንቀጽ አወጣ። አሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሕዝብ ያሰበውን በነፃ ካልተናገረ ጥሩ ሕግ ሊወጣ አይችልም። ሰው ቢፈቀድለት ሞኝ ነገርም ይናገራል፤ ነገር ግን የሞኝነት ንግግር ብርሃን ሲያገኘው በራሱ ይሞታል፤ የጥበብ ንግግር ግን ይኖራል። ደግሞም በሰላም ጊዜ ለመናገር መፍቀድ ከቁም ነገር አይቆጠርም፤ የመናገር መብት የሚያስፈልገው ነገር በተካረረበት ሰዓት ነው። ይህ ጽሑፍ በ1923 ዓ.ም. የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ። ክሱም ፍርድ ሳይሰጥበት ተነሣ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ዋይትና አለን በዚህ ምክንያት ጠላቶች ሳይሆኑ መቅረታቸው ነው። ዋይት የአገረ ገዥውን ትእዛዝ ተቃወመ እንጂ ወዳጁን አልጠላም።

ሦስተኛው ፈተና ከሁለቱ የከፋ ነበር። ኩ ክሉክስ ክላን የሚባለው፣ ጥቁሮችን፣ አይሁዶችን፣ ካቶሊኮችንና ከሌላ አገር የመጡትን የሚጠላ ስውር ማኅበር በካንሳስ ተስፋፋ። ፊታቸውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ይሰበሰቡ ነበር። በትንሽ ከተማ ይህ በጣም አስፈሪ ነገር ነው፤ ጨርቁን ከለበሱት አንዱ ጎረቤትህ፣ አንዱ ደንበኛህ ሊሆን ይችላልና። ዋይት ከ1921 ዓ.ም. ጀምሮ በጋዜጣው ነቀፋቸው፤ ይልቁንም አፌዘባቸው። በ1924 ዓ.ም. ለካንሳስ አገረ ገዥነት የሚወዳደሩት የሁለቱ ታላላቅ ፓርቲዎች ዕጩዎች ማኅበሩን ደፍረው አንቃወምም ባሉ ጊዜ፣ ሹመት አልፈልግም ብሎ የነበረው ሰው በግሉ ተወዳዳሪ ሆኖ ቆመ። በአውቶሞቢል ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ፣ ሰውን በዘሩና በሃይማኖቱ መጥላት ለካንሳስ ውርደት ነው ሲል ሰበከ።

ተሸነፈ። 150,000 ያህል ድምፅ አግኝቶ ሦስተኛ ወጣ። ነገር ግን እንዲመረጥ አልነበረም የተነሣው፤ የፈራው ሰው ሁሉ ድፍረት እንዲያገኝ ነው። በማግስቱ ዓመት በ1925 ዓ.ም. የካንሳስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማኅበሩ ያለ ፈቃድ በግዛቱ ሊሠራ አይገባውም ሲል ፈረደ፤ የክላንም ኃይል በካንሳስ እየደከመ ሄደ።

ስለ አንድ ሰው ታሪክ ሲጻፍ መልካሙን ብቻ መቁጠር ታሪክን ማጉደል ነው። ዋይትም ጉድለት ነበረበት። በ1928 ዓ.ም. የዲሞክራቶቹን ዕጩ አል ስሚዝን ከልክ አልፎ ከሰሰው፤ በኋላም ከክሱ ከፊሉን ለመመለስ ተገደደ። ደግሞም ከፓርቲው ፈቀቅ ብሎ ብዙ ጊዜ ቢናገርም፣ የምርጫ ሰዓት ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሪፑብሊካኖቹ ይመለስ ነበር። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1936 ዓ.ም. በባቡር በኤምፖሪያ ሲያልፍ፣ ቢል ዋይት ከአራቱ ዓመት ሦስት ዓመት ተኩሉን የእኔ ወዳጅ ነው ብሎ ሕዝቡን አስቋል።

በ1940 ዓ.ም. የሂትለር ጦር አውሮፓን በያዘ ጊዜ፣ የ72 ዓመቱ ሽማግሌ አሜሪካ ለእንግሊዝና ለባልደረቦችዋ መሣሪያና ስንቅ እንድትረዳ የሚጠይቅ የሕዝብ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆነ። ፕሬዚዳንቱና የፓርቲው ሰዎች፣ ሀብታሙና ድኻው የሚያምነው ሰው ስለ ነበረ ቃሉ በአገሩ ሁሉ ተሰማ። በ1941 ዓ.ም. መጀመሪያ ከሊቀ መንበርነቱ ወርዶ ወደ ጋዜጣው ሥራ ተመለሰ። ጃንዋሪ 29 ቀን 1944 ዓ.ም. በተወለደባት ከተማ በኤምፖሪያ አረፈ። ሳይጨርሰው የቀረውን የሕይወት ታሪኩን ልጁ አሰናድቶ በ1946 ዓ.ም. ታተመ፤ መጽሐፉም በ1947 ዓ.ም. የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ። ጋዜጣውን የወረሰው ይኸው ልጁ ዊልያም ሊንድሴይ ዋይት ነው። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍልም በአባትየው ስም ተሰይሟል።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ታሪክ ምን እንማራለን? አንደኛ፣ ሰው ትልቅ ሥራ ለመሥራት የግድ ወደ ትልቅ ከተማ መሄድ የለበትም። ፕሬዚዳንቶች ዋይትን ሊጠይቁት ወደ ኤምፖሪያ መጡ እንጂ እርሱ ኤምፖሪያን ትቶ አልሄደም። ብዙዎቻችን ከዚህ ትምህርት ቤት ስንወጣ ወደ ሩቅ አገር ለመሄድ እናስባለን፤ የተወለድንበት ከተማ ግን ማን እንዲጽፍለት፣ ማን እንዲናገርለት እንተወዋለን? ሁለተኛ፣ የተሳሳተ ሰው መሳሳቱን ቢያምን አያንስም፤ ይልቁንም ያድጋል። ሦስተኛ፣ የማይወዱትን አሳብ የሚናገር ሰው እንኳ የመናገር መብቱ እንዲጠበቅለት መቆም፣ ከወዳጅም ጋር ሳይጣሉ መከራከር፣ የጨዋ ሰው ሥራ ነው።

ዝም አይነቅዝም የሚለው ምሳሌ ለሐሜትና ለችኮላ ነገር ትክክለኛ ምክር ነው። ነገር ግን ጎረቤት ሲበደል፣ ድኻ ሲናቅ፣ ሰው በዘሩ ሲጠላ ዝምታ ይነቅዛል፤ የሚነቅዘውም ዝም ያለውን ሰው ልብ ከውስጥ እየበላ ነው።

ሜሪ ዋይት የጀመረችውን የትምህርት ቤት መጽሔት ታትሞ አላየችውም። እኛ ግን የእኛን ለማየት በቅተናል። ስለዚህ በውስጡ የምንጽፈው ነገር እውነት፣ ቸርነትና ድፍረት ያለበት ይሁን።